ትምህርት ዐሥራ አራት፦ መሬቱ በበረዶ ሳይጠጥር

ሀ. ከምንባቡ በፊት

ባለፈው ትምህርት አንድን ቦታ ወይም አንድን ሰው በቃላት ሥሎ የሚያሳየውን የድርሰት ዓይነት ተመልክተናል። በዚህ ትምህርት የምናጠናው ደግሞ አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳውን ድርሰት ነው። ተማሪዎች እንዲህ ያለ ድርሰት ጻፉ ሲባሉ ብዙውን ጊዜ የእንጀራ አጋገርን ወይም የጎጆ አሠራርን ይመርጣሉ። ምርጫው መልካም ነው፤ ነገር ግን አንባቢው ሥራውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ጸሐፊው የዘለለውን ሁሉ ራሱ እየሞላ ያነባል፤ የድርሰቱም ጉድለት ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ ለዚህ ትምህርት ለአብዛኞቻችሁ እንግዳ የሆነ ሥራ ሆን ተብሎ ተመርጧል።

ስታነቡ አንድ ነገር አስተውሉ። በአገራችን ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናብ ወቅት ነው። ምንባቡ በሚናገርለት አገር ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ ምድሩ በበረዶ ተሸፍኖ ይቆያል። ሁለቱ እንዳይምታቱ በምንባቡ ውስጥ ያኛውን ወቅት «የብርድ ወራት» ብለነዋል። ከዚያ በፊት ያለው የቅጠል መርገፊያ ጊዜ ከሞላ ጎደል የእኛን መጸው ይገጥማል፤ እኛ አበባ የምናይበት ወቅት ለእነርሱ የመሰናዶ ጊዜ ነው።

ለ. ምንባብ፦ የሣር ስንቅ

ጎልፍ ትንሽ ጠንካራ ኳስ በረዥም ዘንግ እየተመታች ሰፊ መስክ አቋርጣ በመጨረሻ ከአንዲት ጠባብ ጉድጓድ እንድትገባ የሚደረግበት ጨዋታ ነው። የዛሬውን መልኩን ያገኘው በስኮትላንድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1457 የአገሪቱ ምክር ቤት ጐልማሶች የቀስት ልምምዳቸውን ችላ እንዳይሉ በማሰብ ጨዋታውን እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ክልከላው ግን ጨዋታውን አላጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1764 ሴንት አንድሩስ በተባለችው የስኮትላንድ ከተማ አንዱ ዙር ጨዋታ ከ22 ጉድጓድ ወደ 18 ዝቅ ተደረገ፤ ኋላም ይኸው ቍጥር በዓለም ሁሉ የተለመደ ሆነ።

ጨዋታው ወደ ሰሜን አሜሪካ በተሻገረ ጊዜ ብርዱ ከስኮትላንድ እጅግ ወደሚበረታባቸው አገሮች ገባ። ከእነዚህም አንዷ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሚኒሶታ ግዛት ናት። በታላላቆቹ ከተሞቿ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የጥር ወር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ብርዱ ከአየሩ አልፎ ወደ ምድር ይዘልቃል። የግዛቲቱ የሕንፃ ሕግ የቤት መሠረት በደቡቡ ክፍል ቢያንስ 107፣ በሰሜኑ ክፍል ቢያንስ 152 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች እንዲወርድ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው አፈር ጠጥሮ እየተነፋ ሕንፃውን ሊያናጋው ይችላልና። እንዲህ ባለው ምድር ላይ ነው ታላላቅ ውድድሮች የሚካሄዱባቸው የሣር መስኮች የሚገኙት። ከሚኒያፖሊስ አጠገብ በቻስካ ከተማ ያለው የሄዘልታይን ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1991 የአሜሪካን ኦፕን፣ በ2016 ደግሞ የአሜሪካና የአውሮፓ ቡድኖች የሚገጥሙበትን ራይደር ካፕን አስተናግዷል።

ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ 60 ሄክታር ያህል መሬት ሊይዝ ይችላል። የሜዳው ኃላፊ እንቅልፍ የሚያጣው ግን ለ60ው ሄክታር ሁሉ አይደለም። በየጉድጓዱ ዙሪያ ግሪን የሚባል፣ እንደ ምንጣፍ የተስተካከለ ሣር አለ። የ18ቱ ግሪኖች ስፋት ቢደመር ከአንድ ሄክታር ብዙ አይርቅም። ኳሷ ሳትነጥር እንድትንከባለል ሲባል ይህ ሣር በሞቃቱ ወራት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቁመት እንዲኖረው ሆኖ ይታጨዳል፤ ሁለት ሳንቲሞች ቢደራረቡ የሚያህሉትን ማለት ነው። ቅጠሉ እንዲህ ያጠረ ሣር ከፀሐይ የሚያገኘው ምግብ ጥቂት ነው፤ ሥሩም ጥልቀት የለውም። ስለዚህ በመስኩ ሁሉ እጅግ የተደከመበትና እጅግ ደካማው ሣር አንዱ እርሱ ነው። የዳርቻው ረዥም ሣር ብርዱን ያለ ሰው እርዳታ ሲያልፍ ግሪኑ ሊሞት ይችላል። ግሪኑ ከሞተ ደግሞ ሜዳው በፀደይ አይከፈትም፤ ባለቤቱ ገቢ፣ ወቅት ጠብቀው የሚቀጠሩትም ሠራተኞች ደመወዝ ያጣሉ።

ሣር በብርድ ወራት ቅጠሉ ቢደርቅም ወዲያው አይሞትም። ሕይወቱ ያለችው ሥርና ቅጠል ከሚገናኙበት፣ በመሬቱ ገጽ አጠገብ ካለች ደቃቅ እንቡጥ ውስጥ ነው። በዚህ ምንባብ እርሷን የሣሩ እምብርት እንላታለን። ቀኑ እያጠረ፣ ሙቀቱም ወደ ዜሮ እየቀረበ ሲሄድ ሣሩ ማደጉን ቀስ በቀስ ይተዋል። በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ለእድገት በማዋል ፈንታ በእምብርቱ ያከማቻል፤ በውስጡ ያለውንም ውሃ ይቀንሳል። የጨው ወይም የስኳር ውሃ ከንጹሕ ውሃ ዘግይቶ እንደሚረጋ በሳይንስ ክፍል ተምራችኋል፤ ሣሩም የሚከተለው ይህንኑ ብልሃት ነው።

እንግዲህ የኃላፊው የመጀመሪያ ተግባር ሣሩ ይህን ስንቅ እንዲቋጥር ጊዜና ብርሃን መስጠት ነው። የማጨጃው መኪና ምላጭ ትንሽ ከፍ ይደረጋል፤ የሚጨመረው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆንም ለሣሩ ብዙ ነው። በጥቅምት አጋማሽ ብዙ ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ መጨመር ደግሞ ሣሩን ያታልለዋል፤ ሊተኛ ሲገባው ለምለም ቅጠል አውጥቶ ውሃ እንደ ተሞላ ብርዱ ያገኘዋል። ከዛፎች የረገፈው ቅጠል በየቀኑ ይጠረጋል ወይም በማሽን ተፈጭቶ በመስኩ ላይ ይበተናል። ሳይነሣ የቆየ ቅጠል ብርሃን ከልክሎ እርጥበት ያቁራል። ሣሩ ጨርሶ ማደጉን እስኪያቆም ድረስ ማጨዱ አይቋረጥም፤ ረዝሞና ተጋድሞ በበረዶ ሥር የሚያድር ሣር ለሻጋታ የተመቸ መኝታ ነውና።

በዚህ ወቅት ጠዋት ጠዋት ሣሩን ውርጭ ይሸፍነዋል። ውርጩ ቀልጦ እስኪያልቅ ማንም ሰው፣ ተጫዋችም ሆነ ሠራተኛ፣ በግሪኑ ላይ እንዲራመድ አይፈቀድም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ረግቷልና እግር ሲያርፍበት ሴሎቹ ይሰበራሉ። ወዲያው ምንም አይታይም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የእያንዳንዱ ጫማ ዳና ጠቁሮ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። በዕድገት ወራት ቢሆን ኖሮ ሣሩ ጠባሳውን ይሸፍነው ነበር። አሁን ግን ማደጉን ትቷል፤ ዳናውም እስከ ፀደይ ይቆያል። ገንዘብ ከፍሎ ሊጫወት የመጣን ሰው «ፀሐይ እስኪሞቅ ቍጭ ብለህ ጠብቅ» ማለት ቀላል አይደለም፤ በዚህ ሳቢያ በየዓመቱ ብዙ ጭቅጭቅ ይነሣል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የውሃው ነገር ነው። በሜዳው ሥር ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቧንቧ ተዘርግቷል፤ በየቦታውም በመቶዎች የሚቈጠሩ የውሃ መርጫዎች ተተክለዋል። ቧንቧው የተቀበረበት ጥልቀት ብዙውን ጊዜ ብርዱ ከሚደርስበት ጥልቀት ያነሰ ነው። ውሃ ሲረጋ መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይህ ጭማሪ መሄጃ ስለሌለው ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል፤ የናሱን መዝጊያ ሳይቀር ያፈነዳዋል። ጉዳቱም በፀደይ ውሃው እስኪለቀቅ ድረስ አይታወቅም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የውሃው መሳቢያ ሞተር ይቆማል፤ ዝቅ ባሉት ቦታዎች ያሉት መውረጃዎች ተከፍተው ውሃው በራሱ እንዲፈስ ይደረጋል። የቀረውን ለማስወጣት ትልቅ የአየር መጭመቂያ ወይም ኮምፕሬሰር ከዋናው ቧንቧ ጋር ይያያዛል። ከዚያም መርጫዎቹ በተራ በተራ ይከፈታሉ። በመጀመሪያ ውሃ ብቻ፣ ቀጥሎ ውሃና አየር የተቀላቀለበት ጭጋግ፣ በመጨረሻ ደረቅ አየር ይወጣል። ደረቅ አየር በታየ ጊዜ መርጫው ወዲያው ተዘግቶ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ከመጠን በላይ ክፍት ሆኖ የቆየ መርጫ ውሃ ስለማያለሰልሰው ውስጡ ይፋጫል። ጀማሪ ሠራተኛ ሥራውን ለማፋጠን የአየሩን ግፊት ከፍ ማድረግ ይቃጣዋል። ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ የሚያስፈልገው በአነስተኛ ግፊት የሚሄድ ብዙ አየር ነው። የታመቀ አየር ይሞቃል፤ ግፊቱ ሲበዛ የፕላስቲኩን ቧንቧ ሊያለሰልሰው ወይም መርጫውን ከመሬት ነቅሎ እንደ ጥይት ሊወረውረው ይችላል። መነጽር ሳያደርግ በመርጫው ላይ የሚያጐነብስ ሠራተኛ ዓይኑን ለአደጋ ያጋልጣል።

ውሃው ከቧንቧው ከወጣ በኋላ መመለስ የለም፤ ነገር ግን ግሪኑ አሁንም ሊደርቅ ይችላል። በረዶ ያልሸፈነውን ሣር የብርዱ ወራት ነፋስ እርጥበቱን እየመጠጠ ይገድለዋል፤ ሥሩ በጠጠረ መሬት ውስጥ ስለሆነ የወጣበትን ውሃ መተካት አይችልም። ለዚህ መከላከያ የሚሆነው አሸዋ ነው። ከሌላው ጊዜ ጠንከር ያለ የአሸዋ ንጣፍ በግሪኑ ላይ ይነሰነሳል፤ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ብቻ እየታየ እምብርቱ በአሸዋው ተሸፍኖ ይተኛል። አንዳንድ ሜዳዎች ግሪኖቻቸውን በሙሉ በሸራ ያለብሳሉ።

ከነፋስ ይልቅ የሚፈራው ግን ግግር በረዶ ነው። ልል በረዶ ለሣር ብርድ ልብስ ነው፤ በመካከሉ አየር ስላለው ብርዱን ይከላከላል። በረዶው ቀልጦ ውሃው ሳይፈስ መልሶ ሲረጋ ግን እንደ መስተዋት ግግር ሆኖ ሣሩን ያፍነዋል። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ፖአ አኑዋ የተባለው የሣር ዓይነት በግግር ሥር የሚቆየው ሁለት ወር ገደማ ሲሆን ቤንትግራስ የተባለው ግን እስከ አራት ወር ሊታገሥ ይችላል። ኃላፊው በረዶውን መከልከል አይችልም። ማድረግ የሚችለው መሬቱ ገና ለስላሳ ሳለ ከግሪኑ ዝቅተኛ ዳር ጠባብ የውሃ መውረጃ መቅደድ ነው። ሁለት ሰዎች በአካፋ በግማሽ ሰዓት የሚሠሩት ይህ ቦይ፣ በእኔ ግምት፣ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

የቀረው ሻጋታው ነው። በበረዶ ሥር ብርሃን የለም፤ እርጥበት አለ፤ ሙቀቱም ከዜሮ ብዙ አይርቅም። ይህ ለሌላ ተክል ሞት ሲሆን ለበረዶ ሻጋታ ግን ሠርግ ነው። አንደኛው ዓይነት ግራጫ፣ ሁለተኛው ሐምራዊ ነው። ግራጫው ለመጐልመስ ሁለት ወር ያህል የበረዶ ሽፋን ይፈልጋል፤ ሐምራዊው ግን በረዶ ባይኖርም ቅዝቃዜና እርጥበት ይበቃዋል። መከላከያው መድኃኒት የሚረጨው በረዶው ለመቆየት ከመጣሉ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ነው። ቀድሞ ከተረጨ በዝናብና በፀሐይ ኃይሉ ይደክማል፤ ከዘገየ ደግሞ ግሪኑ በበረዶ ተሸፍኖ መርጨት አይቻልም።

ስለዚህ መድኃኒት ሳይነሣ መታለፍ የሌለበት አንድ ታሪክ አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ባዜቃን ከአብዛኛው የፀረ ተባይ አገልግሎት ስታግድ ለጎልፍ ሜዳ የበረዶ ሻጋታ መከላከያነት ግን ፈቅዳው ነበር። ፈቃዱም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቆየ። ባዜቃ እንደ ሌላው መድኃኒት በጊዜ ብዛት አይጠፋም። በፀደይ ከቀለጠው በረዶ ጋር ወደ ጅረትና ወደ ሐይቅ ሊወርድ፣ በዓሣ ሥጋ ሊከማች፣ ከዚያም ወደ ሰው ማዕድ ሊደርስ ይችላል። ሚኒሶታ የሐይቆች ምድር ናት። የአንድ ሄክታር ሣር ውበት ይህን ያህል ዋጋ ይገባው ነበርን? ዛሬ ኃላፊዎች የሚጠቀሙባቸው መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው፤ መድኃኒቱን በመስኩ ሁሉ መርጨት ትተው በግሪኑና በአካባቢው ብቻ የሚወስኑም አሉ።

እነዚህ ሥራዎች ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፤ መቼ? ውሃው ቀድሞ ከተዘጋ ኅዳር ሞቃትና ደረቅ በሆነ ጊዜ ሣሩ ይጠማል። ከዘገየ ቧንቧው ይፈነዳል። አሸዋው ቀድሞ ከተነሰነሰ ተጫዋቾች ያጉረመርማሉ፤ ከዘገየ እርጥቡ አሸዋ ጠጥሮ አይበተንም። የዘመን መቍጠሪያ ሁልጊዜ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ1991 ከጥቅምት 31 ቀን እስከ ኅዳር 3 ቀን (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) በወረደው ታላቅ የበረዶ ውርጅብኝ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል 72 ሳንቲ ሜትር፣ በሰሜን ባለችው በዱሉት 94 ሳንቲ ሜትር ያህል በረዶ ተከመረ፤ ወዲያውም ብርቱ ቅዝቃዜ ተከተለ። ሄዘልታይን የአሜሪካን ኦፕን ካስተናገደ ገና አምስት ወር አልሞላም ነበር። በዚያ ሳምንት «የፊታችን ሰኞ እንጨርሰዋለን» ብሎ ሥራ ያቆየ ሰው ሰኞ ሲደርስ ሜዳው የት እንዳለ እንኳ ለማየት አይችልም ነበር።

ሐ. የቃላት ጥናት

አማርኛ ለብርድ ነገሮች ያሉት ቃላት ጥቂት ቢመስሉም በጥንቃቄ ከተያዙ ይበቃሉ። «በረዶ» የሚለው ቃል ብቻውን ሦስት ነገር ይሸከማል፤ ከዝናብ ጋር እንደ ጠጠር የሚወርደውን፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወድቀውን፣ እንዲሁም ውሃ ሲረጋ የሚሆነውን ጠጣር። በምንባቡ ውስጥ ሁለተኛው «ልል በረዶ»፣ ሦስተኛው «ግግር በረዶ» የተባለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሣሩን ያድናል፣ ሌላው ይገድላልና ጸሐፊው ሁለቱንም በደፈናው «በረዶ» ቢላቸው አንባቢው ግራ በተጋባ ነበር።

«ውርጭ» ለደጋ ሰው እንግዳ አይደለም። በመንዝና በደብረ ብርሃን አካባቢ በመጸው ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ሲቆም ውርጭ ይወርዳል፤ ገበሬው ባቄላውን «ውርጭ መታው» ወይም «ውርጭ አቃጠለው» ይላል። ብርድ አቃጠለ መባሉ ይደንቅ ይሆናል፤ የተመታው ቅጠል ግን በእርግጥ በእሳት የተለበለበ ይመስላል። «አመዳይ» ለውርጭ የቀረበ፣ ይበልጡን በመጻሕፍት የሚገኝ ቃል ነው። «ጤዛ» ደግሞ ያልረጋ የሌሊት ጠል ነው።

«ስንቅ»፣ «መኝታ»፣ «ብርድ ልብስ»፣ «ሠርግ» የሚሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የተነገሩት ለሣርና ለሻጋታ ነው። እያንዳንዱ በየትኛው ዐረፍተ ነገር እንደ ገባ ፈልጉና በምን ተመሳስሎ እንደ ተነገረ አስረዱ።

መ. ሰዋስው፦ «ሳ» እና «ከ... በፊት»

የዚህን ትምህርት ርእስ ተመልከቱ፤ «መሬቱ በበረዶ ሳይጠጥር»። «ሳይጠጥር» የሚለው ቃል የተገነባው «ስ» ከሚለው አገባብና ከአሉታው «አይጠጥር» ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ሳይጠጥር» ይሆናል። በመደብ ሲዘረዘርም ሳልጨርስ፣ ሳትጨርስ፣ ሳትጨርሺ፣ ሳይጨርስ፣ ሳንጨርስ፣ ሳትጨርሱ፣ ሳይጨርሱ እያለ ይሄዳል።

ይህ ቅርጽ ሁለት ፍች አለው። ድርጊቱ በኋላ መፈጸሙ የማይቀር ሲሆን «አስቀድሞ» ማለት ነው። «ሳይመሽ ተመለሰ» ብንል መምሸቱ አይቀርም፤ መመለሱ ቀደመ ማለታችን ነው። ድርጊቱ ጨርሶ ያልተፈጸመ ሲሆን ግን «ያለ» ማለት ይሆናል፤ «ሳይበላ ሄደ» የተባለለት ሰው ያለ ምግብ ሄዷል። በምንባቡ «መነጽር ሳያደርግ የሚያጐነብስ» የሚለው የሁለተኛው ዓይነት ነው።

ችግሩ ሁለቱም ፍች በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊስማሙ ሲችሉ ነው። «ውሃው ሳይወጣ ሞተሩ ይቁም» የሚል ማስታወሻ ለሠራተኛ ቢተውለት ምን ይረዳል? ሞተሩ አስቀድሞ ይቁም፤ ውሃው ከዚያ በኋላ ይውጣ ማለት ነውን? ወይስ ውሃው በቧንቧው እንዳለ ይቅር ማለት ነው? በመጀመሪያው ፍች ከሄደ ቧንቧው ይድናል፤ በሁለተኛው ከሄደ ይፈነዳል። መመሪያ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ንኡስ አንቀጹን ከ«ከ... በፊት» ጋር ቢጠቀም ይሻለዋል፤ «ውሃው ከመውጣቱ በፊት ሞተሩ ይቁም»። ይህ አነጋገር አንድ ፍች ብቻ አለው። «ያለ» ለማለት ሲፈለግ ደግሞ ማሰሪያ አንቀጹን አሉታ ማድረግ ይረዳል፤ «ውሃውን ሳታስወጣ ቧንቧውን አትዝጋ»።

ይህን ስንል «ሳ» ይተው ማለታችን አይደለም። ከ«ከ... በፊት» ያጠረና ለጆሮ የተመቸ ነው። «ሳይውል ሳያድር»፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉትን በረዥሙ አነጋገር ለመለወጥ ሞክሩና ምን ያህል እንደሚጐድሉ ስሙት። በሁለተኛው ውስጥ ማሰሪያ አንቀጹ እንኳ ተትቷል፤ ሆኖም ፍቹ አልጠፋም።

«እስኪ» የተባለውንም አብራችሁ ተመልከቱ። «ሣሩ ማደጉን እስኪያቆም ድረስ ይታጨዳል» የሚለው የማጨዱን መጨረሻ ይወስናል። «ሣሩ ማደጉን እስካላቆመ ድረስ ይታጨዳል» የሚለው ግን ሁኔታውን ይናገራል፤ ዛሬ ቆሞ ነገ ሙቀት ቢመለስና ማደግ ቢጀምር ማጨዱም ይመለሳል። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል፤ ኅዳር አንዳንዴ ሞቅ በሚልበት አገር ግን ልዩነት ያመጣል።

ሠ. ስለ ድርሰቱ አጻጻፍ

ምንባቡ ሥራዎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ብቻ አልደረደረም። በመጀመሪያ ግሪን ምን እንደ ሆነ፣ ሣር በብርድ ወራት እንዴት በሕይወት እንደሚቆይ ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሥራው የገባው። አንባቢው እምብርቱን ካላወቀ አሸዋ ለምን እንደሚነሰነስ አይገባውምና። ከትእዛዙ ጋር ምክንያቱ ቢቀመጥ አንባቢው ያልተጻፈለት ሁኔታ ሲገጥመው ራሱ መፍረድ ይችላል።

ግሦቹንም አስተውሉ፤ «ይጠረጋል»፣ «ይነሰነሳል»፣ «ይያያዛል» ይላል። ሠራተኛው ማን ይሁን ማን ለነገሩ ስለማይጠቅም ጸሐፊው ተገብሮ ግሥ መረጠ። የሰው ጠባይ በሥራው ውስጥ ሲገባ ግን ወደ ገቢር ተመልሷል፤ ጀማሪው ሠራተኛ የአየሩን ግፊት ስለሚያበዛበት የተነገረውን ዐረፍተ ነገር እንደገና አንብቡ።

ቦዝ አንቀጽ ተከታታይ ሥራ ለመናገር የተመቸ ነው። «ቅጠሉን ጠርገው፣ ሣሩን አጭደው፣ አሸዋውን ነስንሰው ገቡ» ሲባል ቅደም ተከተሉ ያለ ተጨማሪ ቃል ይታወቃል። ሆኖም ከሦስት ወይም ከአራት በላይ ሲደራረብ አንባቢው ማሰሪያውን ሲጠብቅ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የትኛው ሥራ ዋና እንደ ሆነም አይለይም።

ረ. መልመጃ

፩. የሚከተለውን ጽሑፍ አንድ ተማሪ ጽፎታል እንበል። ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ፤ አሻሚውን «ሳ» በሌላ አነጋገር ለውጡ፤ የጐደለውንም ምክንያት ጨምሩ። «መርጫዎቹ ይከፈታሉ። ኮምፕሬሰሩ ይያያዛል። ደረቅ አየር ከወጣ ይዘጋሉ። ሞተሩ ሳይቆም መውረጃዎቹ አይከፈቱም። ግፊቱ መብዛት የለበትም። ውሃው ሳይፈስ ሠራተኛው ወደ ሌላው ይሂድ።»

፪. በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ «ሳ» «አስቀድሞ» ወይም «ያለ» ማለት መሆኑን ለዩ፤ ሁለቱንም ሊሆን የሚችል ካገኛችሁ በሁለት መንገድ ጽፋችሁ አሳዩ። ዝናቡ ሳይዘንብ ጤፉን ወቃን። መምህሩ ሳይናገሩ ወጡ። ውርጩ ሳይቀልጥ በግሪኑ ላይ ሄደ። ጎህ ሳይቀድ ተነሡ። ደብዳቤውን ሳታነብ አትፈርም።

፫. የሜዳው ኃላፊ ናችሁ እንበል። ከተማው በረዶ በሦስት ቀን ውስጥ ሊጥል እንደሚችል ተነግሮታል፤ ሠራተኞቻችሁ አራት ብቻ ናቸው፤ ቧንቧው አልደረቀም፣ አሸዋው አልተነሰነሰም፣ የሻጋታው መድኃኒት አልተረጨም፣ መውረጃውም አልተቀደደም። ሁሉንም ለመጨረስ ጊዜ አይበቃም። የትኛውን እንደምታስቀድሙና የትኛውን እንደምትተዉ ወስናችሁ ለሠራተኞቻችሁ የአንድ ገጽ መመሪያ ጻፉ። የምትተዉትን ሥራ ለምን እንደተዋችሁ ሳትናገሩ አትለፉ።

፬. በአካባቢያችሁ ወቅት ሳያልፍ መፈጸም ያለበትን አንድ ሥራ ምረጡ፤ ዝናብ ሳይመጣ ክዳን ማደስን፣ ውርጭ ሳይወርድ እህል መሰብሰብን፣ ወይም በመንዝ እንደሚደረገው የጓሳን ሣር ጠብቆ በወቅቱ ማጨድን የመሳሰለ። ሥራውን አድርጎት የማያውቅ የከተማ ልጅ አንብቦ እንዲረዳው አድርጋችሁ ከ250 እስከ 300 ቃላት ጻፉ። ከዚያም ድርሰታችሁን ሥራውን በደንብ ለሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው አንብቡለት፤ «ይኸን ዘለልኸው» ወይም «ይኸን ዘለልሽው» የሚላችሁን ነገር በኅዳጉ ላይ ጽፋችሁ ከድርሰቱ ጋር ለመምህራችሁ አስረክቡ።